የቆላ ዘይት ደጋ ሲወጣ

ታናሽ ወንድሜን በከተማችን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም «አውራ ጣት» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሹፌሮች ናቸው። የሞተር ዘይት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጠብታውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አድርጎ ማሸት ነው። ያሸዋል፣ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ይለያያቸዋል፣ በመካከላቸው የሚዘረጋውን ክር ወደ ፀሐይ አንስቶ ያየዋል። ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ «ይሄ ውሃ ነው» ብሎ ጣቱን በሱሪው ይጠርጋል። ከረዘመ ግን ፊቱ ይፈካል። «ይሄ ወንድ ነው!» ይላል።

ጋራዡ ከቤቴ ጀርባ ነው። ከወላጆቻችን የቀረን አንድ ግቢ ስለሆነ ከፊት እኔ እኖርበታለሁ፣ ከኋላ እሱ ይሠራበታል። አራት የብረት ምሰሶ፣ በላያቸው ቆርቆሮ፣ ከሥራቸው ዘይት እየጠጣ ጠቁሮ የጠነከረ መሬት፤ ጋራዥ የሚባለው ይኸው ነው። ከተማችን ሞቃት ናት። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የመኪና በር በባዶ እጅ አይከፈትም። ወንድሜ የብሎን መፍቻዎቹን እርጥብ ጆንያ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ አለዚያ እጁን ይጠብሱታል። እኔም የሥራ ልብሱን አጥቤ ሳሰጣ አንደኛውን እጅጌ ሰቅዬ ሳልጨርስ ሌላው ይደርቅብኛል።

በእንዲህ ያለ አገር ያረጀ ሞተር መከራ ነው። ወንድሜ ደጋግሞ ስለሚያወራው እኔም ለምጄዋለሁ። ሞተሩ በጣም ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል። ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ከመሪው በስተጀርባ ያለችው፣ ትንሽ ማንቆርቆሪያ የምትመስል ምልክት ያላት ቀይ መብራት ትበራለች። ሹፌሩ ይደነግጥና ወደ አውራ ጣት ይመጣል።

የአውራ ጣት መድኃኒት አንድ ናት። የካምቢዮ ዘይት፣ ማለት ለማርሽ ሳጥን የሚሆነውን ያንን ወፍራምና ክፉ ሽታ ያለውን ዘይት፣ በአምስት ሊትር የሞተር ዘይት ላይ አንድ ሊትር ይጨምርበታል። «ማወፈሪያ» ይላታል። ከሟቹ መምህሩ የተማራት ናት። ማወፈሪያዋ ስትገባ መብራቷ ትጠፋለች፣ ሞተሩ መንኳኳቱን ይተዋል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ሹፌሩ እየሳቀ ይሄዳል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

ጣሳ ላይ የተጻፈ ነገር አያነብም ነበር። ማንበብ ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል። አንድ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ «አውራ ጣት፣ ጣሳው ላይ እኮ ሌላ ቁጥር ነው የተጻፈው» ቢለው፣

«ጣሳው መኪና ነድቶ ያውቃል?» አለው።

«አይ፣ እሱስ አያውቅም።»

«እንግዲያው ዝም ይበል!»

እኔም በመስኮት ሆኜ ሳቅሁ። ወንድሜ ሲቀልድ ደስ ይለኛል።

የልጄ ባል ሹፌር ነው። ለአንድ የጤና ድርጅት ክትባት በበረዶ ሣጥን እየጫነ ገጠር ለገጠር ያደርሳል። ቀጭንና ረጅም፣ ከሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ልጅ ነው። ወንድሜን «ጋሼ» ይለዋል። ያለ እሱ ፈቃድ የመኪናዋን ጎማ እንኳ አያስቀይርም ነበር። ድርጅቱም በከተማችን ያሉትን መኪኖች ሁሉ የሚያሠራው ወንድሜ ጋ ነው።

ባለፈው ዓመት አማቼን ከነመኪናዋ ወደ ደጋ አዛወሩት። ልጄም ተከትላው ሄደች። በሚሄዱበት ዋዜማ ወንድሜ ከጠዋት እስከ ቀትር መኪናዋ ሥር ተኝቶ ዋለ። አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ፣ አዲስ ሞላ፣ ማወፈሪያውንም ጨመረ። ከዚያ አንድ ጀሪካን ማወፈሪያ ለብቻ ሞልቶ፣ በቀይ ቀለም «ለልጄ» ብሎ ጽፎ ከኋላ ጫነለት።

«መንገዱ ዳገት ነው» አለው። «ዳገት ሞተር ያደክማል። ከደከመብህ ከዚህ ታጠጣዋለህ።»

አማቼ በሁለት እጁ ጨበጠው። ወንድሜ ማንንም እንዲያ ሲሸኝ አይቼ አላውቅም።

አማቼ ስምንት ቀን ቆይቶ ደወለ። ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጥቼ ስለነበር ሰማኋቸው። ወንድሜ እጁ ዘይት ሲሆን ስልኩን በርሜል ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቅቆ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ፣ ቀይዋ መብራት ጠዋት ጠዋት ቶሎ አልጠፋም እያለች ነው።»

«ስንት ደቂቃ ትቆያለች?»

«አንድ ደቂቃ ትሆናለች። ሞተሩም ሲነሳ ከላይ በኩል ይንኳኳል። ሲሞቅ ግን ይተወዋል።»

ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበበትም። «ዘይቱ ቀጥኗላ! ከሰጠሁህ ግማሽ ሊትር ጨምርበት።»

በሳምንቱ ደግሞ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጨመርኩበት። አሁን ግን ሦስት ደቂቃ መቆየት ጀመረች።»

«ዘይቱ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«ወፍራም ነው?»

«በጣም።»

«ታዲያ ምን አባቷ ትፈልጋለች? ሽቦዋ ነው የተበላሸው። ንቀላት!»

«ልንቀላት?»

«ንቀላት አልኩህ! ውሸታም መብራት እንደ ነገረኛ ጎረቤት ናት፣ ሰው ታሳብዳለች።»

ያን ቀንም ሳቅሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ያቺን ሳቄን ባላስታውሳት እወድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልሰማንም። አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ወንድሜን ምሳ ላበላው ሳህኑን እንደያዝኩ የእኔ ስልክ ጮኸ። ልጄ ነበረች። ድምፅዋን ስሰማ ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እማዬ፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማበት ቀረች። ሞተሩ ተጣብቋል። ስምንት ሰው ሆነው ቢገፏትም ሞተሩ አልዞር አለ።»

«እሱስ? ሰው ተጎዳ?»

«ሰው አልተጎዳም። ግን እማዬ፣ የዘይቷ መብራት ሽቦ ተነቅሎ አገኙት። ዘይት ሳይኖር ነድቶ፣ እንዳይታወቅበት መብራቷን አጠፋት እያሉ ነው። ማክሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥፋተኛ ካሉት ከሥራ ያባርሩታል። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራበትን!»

ስልኩን ለወንድሜ ሰጠሁት። ልጄም ለባሏ ሰጠችው መሰለኝ፣ ወዲያው የሱ ድምፅ መጣ።

ወንድሜ «ዘይት አስጨርሰህ ነው» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይለው።

«ሙሉ ነው ጋሼ። መለኪያው ላይ እስከ ላይኛው ምልክት ደርሷል።»

«ሙሉ ዘይት ያለው ሞተር ደርቆ አይጣበቅም! በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አላየሁም።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርዎት።»

«ያየኸውን ተወውና ያደረግኸውን ንገረኝ!»

አማቼ «እሺ ጋሼ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ ያንን ልጅ ሲቆጣው ሰምቼ አላውቅም። ማንን እንደማምን ጠፋኝ። ወንድሜ ስለ ሞተር ተሳስቶ አያውቅም፤ አማቼ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም ብዬ አሰብኩ፤ አንደኛው ግን ማን ይሁን? ምሳውን ማንም አልበላውም።

«እወጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሞተሩን በገዛ እጄ ከፍቼ አየዋለሁ። ያኔ ማን እንደዋሸ ይለያል።»

«እኔም እመጣለሁ» አልኩት። ልጄን ብዬ ነው ያልኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሁለቱን ለብቻቸው መተው ፈርቼ ነበር።

እሑድ በአውቶቡስ ወጣን። ስንነሳ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነበር። ዳገቱ ሲጀምር አንዱ ተሳፋሪ መስኮቱን ዘጋ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እንዲህ እየተባለ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተዘግቶ ከውስጥ በትንፋሽ ደፈረሰ። እኔ ሁለት ነጠላ ደርቤአለሁ። ወንድሜ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ላይ ስስ ጃኬት ብቻ ለብሶ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ተቀምጧል። ኩሩ ስለሆነ በረደኝ አላለም፤ ጥርሱ ግን ይናገር ነበር።

የልጄ ቤት ሁለት ክፍል ነው። አማቼ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀበለን። ወንድሜ እጁን ሰጠው፣ ዓይኑን ግን አልሰጠውም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ድርጅቱ ጋራዥ ሄድን። እኔ ሻይ በፔርሙስ ይዤ ተከተልኳቸው። ግቢው ሰፊ ነው፤ በአንድ ወገን አሮጌ ጎማ ተከምሯል፣ በሌላው ወገን መኪናዋ ዓርብ ተጎትታ እንደመጣች ሜዳ ላይ ቆማለች። በራፉ አጠገብ እጅ መታጠቢያ ባልዲ አለ። ወንድሜ እጁን ሊነክር ሲል ጣቱ ተመለሰ። ውሃው ላይ እንደ መስታወት ያለ ስስ ነገር ጋግሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በረዶ ነው ጋሼ» አለው አማቼ።

«ማን አደረገው?»

«ማንም። ሌሊቱ ነው።»

ወንድሜ በአምሳ አራት ዓመቱ ከማቀዝቀዣ ውጭ የተሠራ በረዶ ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጣቱን እያየ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «መካኒኩ የት አለ?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አለች ከኋላችን አንዲት ሴት። የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቧ ድረስ አጥልቃለች፣ ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት አድርጋለች። የጋራዡ ኃላፊ እሷ ናት፤ ለኮሚቴው የሚቀርበውን ሪፖርት የምትጽፈውም እሷ። «አማችዎ እርስዎ ሳይመጡ ሞተሩ እንዳይከፈት ለምኖኝ ነው የጠበቅኩዎት።»

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ወደ አማቼ ዞር አለ፣ መልሶ ፊቱን አዞረ።

መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን መዘዘ። እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ ነው። ጠረገና እንደገና አስገብቶ መዘዘ። አሁንም ሙሉ ነው። ግንባሩ ተኮማተረ። «ይፍሰስ» አለ።

ሳህን ከሥር አስቀምጦ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። የሞተር ዘይት ማፍሰሻው ብሎን ሲፈታ ዘይቱ በኃይል ስለሚወጣ፣ መካኒክ ብሎኑን በመጨረሻ እንዳዞረ እጁን ፈጥኖ ነው የሚያሸሸው። ወንድሜም ፈታና እጁን አሸሸ።

ምንም አልወጣም።

እኔ ከላይ ሆኜ የሚንዠቀዠቅ ድምፅ ብጠብቅ የለም። ወንድሜም ተኝቶ ይጠብቃል።

«ተዘግቷል» አለ። «ቆሻሻ ገብቶበታል። ሽቦ አምጡልኝ።»

ኃላፊዋ «አልተዘጋም፣ ይጠብቁት» አለችው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቀዳዳው አንድ ጥቁር ነገር እንደ ምላስ ብቅ አለ። ወጥቶ እዚያው ተንጠለጠለ። እኔ የፔርሙሱን ክዳን ፈትቼ፣ ለሁሉም ሻይ ቀድቼ፣ ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ሳበቃ ያ ምላስ ገና ሳህኑ ላይ አልደረሰም ነበር። ስለ ሞተር የማውቀው ጥቂት ነው፤ ወንድሜ ሲያፈስ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እዚያ ቤታችን ዘይት ከሞተር የሚወጣው ከቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ ነው።

ወንድሜ ጣቶቹን ከሥሩ አስገብቶ ነካው፣ አሸው። ሊያላቅቃቸው ሲሞክር ዘይቱ አብሮ ተሳበ።

«ይሄ የኔ ዘይት አይደለም» አለ።

አማቼ ሄዶ ከመኪናዋ ኋላ ጀሪካኑን አመጣ። በቀይ ቀለም «ለልጄ» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነው። አዘንብሎ አሳየው። ያ ዘይት ከጀሪካኑ አፍ አልወጣ ብሎ ተጓተተ።

«እዚያ ሲሰጡኝ እኮ ይፈስ ነበር፣ ጋሼ።»

ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። ጀርባው አቧራ ሆኗል፣ አላራገፈውም። ኃላፊዋ ከግድግዳው ሥር፣ ከውጭ ያደረ የዘይት ጣሳ አንስታ ሳህን ላይ ደፋ አደረገችው። እየተንፎለፎለ ወረደ።

«ይሄማ ውሃ ነው!» አለ ወንድሜ። ድምፁ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። «ሞተሩ ሲግል ይሄ ምን ሊሆን ነው?»

ጣሳውን አዙራ ጽሑፉን አሳየችው። «አባቴ፣ እዚህ ሁለት ቁጥር አለ። ደብሊው ከምትለዋ ፊደል ፊት ያለው የብርድ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይሄዳል። ከኋላ ያለው የሙቀት ነው፤ በበለጠ ቁጥር ሲግል አይቀጥንም። እኛ እዚህ አምስት ደብሊው አርባ እናደርጋለን። እናንተ አገር ሃያ ደብሊው አምሳ ቢሞሉ ጥፋት የለበትም። የካምቢዮ ዘይት ግን የትም ቢሆን ሞተር ውስጥ አይገባም።»

«መብራቷን ያጠፋል እኮ።»

«እዚያ ያጠፋ ይሆናል። እዚህ ግን ጠዋት ፓምፑ ይሄን መሳብ አይችልም። ዘይቱ ከታች ይተኛል፣ ላይ ያሉት ብረቶች ደረቅ ለደረቅ ይፋጫሉ። እስኪሞቅ ድረስ በየቀኑ እንዲህ። መብራቷ ይሄን ነበር የምትናገረው።»

ወንድሜ ተመልሶ ከሥር ገባና ከእሷ ጋር የሞተሩን የታችኛውን ክዳን ፈቱ። ዋናው ዘንግ የሚያርፍባቸውን እንደ ግማሽ ቀለበት ያሉ ስስ ብረቶች አንድ በአንድ አወጣ። እኔ እንደማውቃቸው እንደ ብር ያበራሉ። እነዚህ ግን አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ተቃጥሏል፣ ሌላው ተፍቆ ተፍቆ ከሥሩ ያለው መዳብ ወጥቷል። በዘይት ተጨማልቀው ነው የወጡት።

አንዱን መዳፉ ላይ አድርጎ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሻዩን ሰጠሁት፤ ያዘው፣ አልጠጣውም።

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ዘይት ውስጥ ተኝቶ እኮ ነው በጥም የሞተው።»

ከዚያ ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ ከፊት ከፊት እየተራራቁ ሄዱ። እኔ ከኋላ ወንድሜን ደርሼ ክንዱን ያዝኩት።

«ነገ ምን ትላለህ?»

«እስቲ ተዪኝ እትዬ።»

«ለልጁ እንጀራው ነው።»

«የኔስ?» አለ። «ነገ እዚያ ቆሜ አጥፊው እኔ ነኝ ካልኩ ወረቀቱ ቆላ ይወርዳል። አንድም የድርጅቱ መኪና ግቢያችን አይገባም። ሰዉስ ምን ይለኛል? አውራ ጣት በጣቱ ሞተር ገደለ ይለኛል።»

ወንድሜ እንዲህ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። ያዘንኩት ለሱ ነው፤ የፈራሁት ደግሞ ለልጄ። እኔ ሰው መገፋፋት አልችልበትም።

ማክሰኞ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የምትቀላ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ከጠረጴዛው ጀርባ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊዋና የጋራዡ ኃላፊ ተቀምጠዋል። ለእኔና ለልጄ በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ሰጡን። አማቼ መሐል ላይ ቆመ። ወንድሜ እንደ ምስክር በጎን ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ቀድሞ አማቼ በጽሑፍ የሰጠውን መልስ እንዲነበብ አዘዘ። ጸሐፊዋ አነበበች።

«የዘይት መብራቷ በሐሰት የምትበራ መስሎኝ ሽቦዋን በራሴ ሐሳብ ነቅያለሁ። ተጨማሪውን ዘይትም የጨመርኩት በራሴ ሐሳብ ነው። ያዘዘኝም የመከረኝም ሰው የለም።»

ልጄ እጄን ጨመቀችው። ዞር ብዬ ሳያት አፏ ተከፍቷል፤ እሷም አታውቅም ነበር። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በርሜሉ ላይ ከተቀመጠው ስልክ «ንቀላት አልኩህ» ሲባል የሰማሁ እኔ ነኝ።

ወንድሜ ብድግ አለ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«ውሸት ነው!»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ይቀመጡ አባቴ፣ ተራዎ ይደርሳል።»

«አልቀመጥም! ይሄ ልጅ ውሸታም ነው!»

በገዛ ወንድሜ አፍ የልጄ ቤት ሊፈርስ ነው አልኩ። አማቼ አንገቱን ደፋ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሳች።

«ሽቦዋን ንቀል ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ። «ጨምርበት ያልኩትም እኔ ነኝ። ያንን ዘይት የቀላቀልኩት፣ የሞላሁት፣ ጀሪካኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ ደውሎ መብራቷ አልጠፋ አለች ብሎ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ! አልሰማሁትም። ለምን እንደሚዋሽላችሁ እሱን ጠይቁት።»

የጋራዡ ኃላፊ ቆቧን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ የጠፋት ይመስል ነበር።

ሰብሳቢው «ይሄ ቃልዎ ይጻፋል» አለ። «የቆላው ቅርንጫፍም ግልባጭ ይደርሰዋል። መኪኖቻችንን እዚያ የሚጠግኑት እርስዎ መሆንዎን አውቃለሁ። የሚከተለው ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«አሁንም ላንሳው፣ ልተወው ካሉ…»

«ጻፉት!» አለ ወንድሜ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባካችሁ ጻፉት» አለ።

ጻፉት፣ ፈረመበት። ከዚያ ሁላችንንም አስወጡን። በረንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ልጄ የባሏን ኮት ቁልፍ እየፈታች ትቆልፍ ነበር፣ አንዱን ቁልፍ ብቻ፣ ደጋግማ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ወጥታ ነገረችን። ለጋራዡ ሳያሳውቅ ሽቦ በመንቀሉ ለአማቼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ሥራው ግን ይቀጥላል። ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ቀስ ብዬ።

ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። አማቼ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ለምን ዋሸህ?»

«እንዴት ብዬ እርስዎን በወረቀት እከሳለሁ፣ ጋሼ? ሚስቴን ያሳደጓት እኮ እርስዎ ነዎት። አባት እንዳጣች ያላወቀችው በእርስዎ ነው።»

«ቢያባርሩህስ?»

«እሱን አላሰብኩትም።»

«አንተ ደግሞ! ሰው ይሄን ሳያስብ ምን ያስባል?» አለ ወንድሜ። ሊቆጣው ፈልጎ ነበር፣ አልሆነለትም።

አማቼ፣ ነገሩ ገና አሁን እንደመጣለት ሰው፣ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ከቆላ ወደዚህ የሚመላለሱት ሹፌሮች ሁሉ ዘይት ከእርስዎ አይደል የሚሞሉት? እዚህ እያደሩ ነው እኮ የሚመለሱት።»

ወንድሜ አየው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የገደለው አንድ ሞተር ብቻ መስሎት ነበር። ከናፍሩ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ሰዎቹን እየቆጠረ ነው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ወደ እኔ ዘረጋው፤ ቁጥሮቹን እያየሁ የምደውልለት እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ነዳጅ የሚያመላልሰው ነው፤ ሹፌሮች «ጥርሱ» ይሉታል።

«ስማ፣ ያ የሞላሁልህ ዘይት ደጋ ከማደርህ በፊት ይፍሰስ። ማወፈሪያ አለበት።»

«አውራ ጣት፣ አመመህ እንዴ?» አለ ጥርሱ እየሳቀ። «ይሄን ዘይት ለምነህ አይደል የሞላህልኝ?»

«ለምኜህ ነበር። አሁን ደግሞ እለምንሃለሁ፣ አፍስሰው።»

ሳቁ ቆመ። «የእውነትህን ነው?»

«የእውነቴን ነው።»

ሁለተኛው አላነሳም። ሦስተኛው ተሳደበ፣ ከዚያ አመሰገነ፣ ከዚያ እንደገና ተሳደበ። አራተኛው በሚኒባስ ሰው ያመላልስ የነበረ ነው፤ ከጋራዡ ከጠፋ ቆይቷል። ወንድሜ የደወለለት ተራው ደርሶ ብቻ ነው።

«የሚኒባሷን ዘይት ላፍስ?» አለ ሰውየው። «እንዴት ረሳኸው? የዛሬ ሦስት ዓመት ደጋ ላይ በጠዋት ተጣብቃብኝ ቀረች እኮ። ጋራዥህ ድረስ መጥቼ ብነግርህ ዕድሜዋ ነው አልከኝ። እኔም አመንኩህ። አሁን የመጋዘን ዘበኛ ነኝ።»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዕድሜዋ አልነበረም» አለ።

«ምን አልከኝ?»

«ዕድሜዋ አልነበረም። እኔ ነኝ።»

ሰውየው ስልኩን አልዘጋም። ወንድሜም አልዘጋም። እኔ ከጎኑ ጎንበስ ብዬ ስለቆምኩ የሰውየው ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር፤ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል፤ የምንጠብቀው ቃል ግን አልመጣም።